የተገዘተችበት ክኒን

ነሐሴ አራት ቀን ጠዋት ሙሉዬ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ፈረቃዋን ጨርሳ በቀጥታ ታላቅ እህቷ ቤት ስትገባ፣ አልታየችን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ የውሃ ብርጭቆ ይዛ አገኘቻት። ብርጭቆው ከጥርሷ ጋር እየተጋጨ ይንቃጨላል። ግማሹ ውሃ ጭኗ ላይ ፈስሷል።

"ዛሬም አልተኛሽም?" አለች ሙሉዬ ነጠላዋን ሳታወርድ።

"ተኝቻለሁ።"

"መቼ?"

"አንቺ ፖሊስ ነሽ?"

"እታለም፣ እጅሽን እይው እስቲ።"

"ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን በነሐሴ ምን ልትሆን ኖሯል?" አለች አልታየች። ግንባሯ ላይ ግን ላብ ችፍ ብሏል። የሸሚዟ ጀርባ ተጣብቋል። በረንዳ ላይ ድመት ዘልላ ቆርቆሮ ብታንኳኳ ድንግጥ ብላ የተረፈውን ውሃ ደፋችው።

ሙሉዬ ብርጭቆውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ልትጮህ ፈልጋ ነበር፤ ዋጠችው። ከአምስት ቀን ወዲህ ብዙ ነገር ውጣለች።

አልታየች ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባሏ ሲሞት እንቅልፍ እምቢ አላትና አንድ ሐኪም ዳያዜፓም አዘዘላት። ማታ ማታ አንድ ፍሬ፣ ለሁለት ሳምንት። ሁለቱ ሳምንት ዘጠኝ ዓመት ሆነ። አንዱ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ አልሰጥም ሲላት ሌላው ጋ ትሄዳለች፤ አንድ ጊዜማ ዘመድ ሞቶብኛል ብላ ጥቁር ለብሳ ጫጫ ድረስ ወርዳ በቦርሳዋ ሁለት ፓኬት ይዛ ተመልሳለች። ሙሉዬ ይህን ያወቀችው ሟች ናቸው የተባሉትን ሴትዮ ገበያ ላይ ስታገኛቸው ነው።

በሰኔ ወር አልታየች አራተኛ ክፍል ውስጥ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት። ልጆቹ አልሳቁባትም፣ አልጮሁም። ጫማቸውን እያወለቁ በእግር ጣታቸው አንድ በአንድ ወጡና በሩን ቀስ ብለው ዘጉላት። ይኸው ነው የጎዳት። ቢስቁባት ይሻላት ነበር። ክረምቱ ሲገባ "በቃኝ" አለች። ሙሉዬም "ተመስገን" አለች፤ እንዴት ነው የምትተዪው ብላ ግን አልጠየቀችም።

አልታየች የሄደችው ሐኪም ዘንድ አልነበረም። ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ ቀን ወደ ንስሐ አባቷ፣ ወደ መምሬ ዘርአ ዳዊት ሄዳ "ይገዝቱኝ" አለቻቸው።

በእነሱ ሰፈር እንግዳ ነገር አይደለም። መጠጥ ወይም ሲጋራ አልለቀው ያለ ሰው ንስሐ አባቱ ዘንድ ይሄድና በቃል ያስሩታል፤ ከዚያ በኋላ የተገዘተበትን ነገር ቢቀምስ ከሥጋ ወደሙ የራቀ ነው፣ እግዜርንም ቤተ ክርስቲያንንም የካደ ነው። እስራቱን የሚፈታው ያሰረው ቄስ ብቻ ነው። አጎታቸው መልካሙ ከአረቄ የተላቀቁት እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ በቤተሰቡ ውስጥ ግዝት የማያስጥለው ነገር የለም ተብሎ ታምኗል። መምሬም አልታየችን በመስቀላቸው ባርከው ገዘቷትና በማግስቱ የፍልሰታን ሱባኤ ሊይዙ አንኮበር ወረዱ። ስልካቸውንም ዘጉ።

"ለማንኛውም ጤና ጣቢያ ሄጄ እጠይቃለሁ" አለች ሙሉዬ።

"ምን ብለሽ? እህቴ ጀግና ሆነች ብለሽ?"

"አዎ። ጀግናዋ ብርጭቆ መያዝ አቃታት ብዬ።"

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተገኘችው ሲስተር ሳሌም የምትባል ልጅ እግር ነርስ ናት። ሙሉዬ ነገሩን ቆማ በሁለት ዐረፍተ ነገር ልትጨርስ ነበር፤ ሲስተር ሳሌም ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወንበር ሳበችላት።

"ስንት ዓመት ነው ያሉኝ?"

"ዘጠኝ።"

"እና በአንድ ቀን አቆመችው?"

"ተገዝታ ነዋ።"

"እትዬ፣ ይኼ መድኃኒት እንደዚያ አይቆምም። አእምሮዋ ለምዶታል። ድንገት ሲቀርበት ይረበሻል፤ እንቅልፍ ያጣል፣ ይንቀጠቀጣል። ሲብስ እንደሚጥል በሽታ ጥሎ ያንፈራግጣታል። ሰው ይሞትበታል። ብትችሉ ዛሬውኑ አምጧት፣ ሐኪም ይያት። ካልመጣችም ዛሬ ማታ የለመደችውን አንድ ፍሬ ትውሰድ። አንድ ብቻ። ከዚያ በሐኪም ክትትል በየጥቂት ሳምንቱ እየሸራረፍን በወራት እናወርደዋለን።"

"በወራት!"

"ዓመትም ሊሆን ይችላል። ጸሎቷን ትጸልይ፣ ጠበሏንም ትጠመቅ፤ ከዚህ ጋር አይጣላም። አረቄ ግን በዞረበት እንዳትዞር። ከክኒኑ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያቆማል። ስሩን ቀጥቅጠን፣ ቅጠሉን ጨምቀን የሚሏትንም አትቀበል። ፓኬቱን ደግሞ እርስዎ ይያዙት። አንድ አንድ እያሉ ይስጧት። ካንፈራገጣት ጊዜ ሳያባክኑ ሆስፒታል።"

ሙሉዬ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ኋላ ላይ ደጋግማ ያሰበችው ይህንን ነው፤ አልሰማሁም ማለት አትችልም።

ቤት ተመልሳ ፓኬቱን ከቁም ሳጥኑ አወጣች፣ አንድ ፍሬ ፈልቅቃ በመዳፏ ለእህቷ ዘረጋች። አልታየች እሳት እንደቀረበላት ወደ ግድግዳው ሸሸች።

"አንቺ! ተገዝቻለሁ እኮ!"

"ሲስተሯ ትሞታለች ብላለች።"

"ብሞት እንኳ ተገዝቼ ልሙት። ግዝት አፍርሼ ብሞት ማን ይቀብረኛል?"

"እኔ እቀብርሻለሁ! በገዛ እጄ ቆፍሬ!"

"አንቺ ጉድጓድ እንኳን አትቆፍሪም፤ ሽንኩርት መኮትኮት ያቅትሻል።"

"እንግዲያው ተነሽ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።"

"ሄጄ ምን ይሰጡኛል? ያንኑ ክኒን። አልሄድም።"

ይህን ስትል እጆቿን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደብቃ ነበር። ብርድ ልብሱ ግን ይንቀጠቀጣል።

ሙሉዬ ደብሩ ሄዳ አንድ ሌላ ቄስ ለመነች። ቄሱ አዝነው ሰሟትና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ባልገዘትኩት ገብቼ አልፈታም ልጄ፤ የገዘቱት ይፍቱ" አሉ። ስልክ ይደውላሉ? ስልካቸው ዝግ ነው። መልእክት ይልካሉ? በማን? "ነሐሴ አሥራ ስድስት ይመለሳሉ" አሉና አጽናኗት። እሷ ግን መጽናናት አልነበረም የፈለገችው።

አንኮበር ለመሄድ ስትነሳ ጎረቤታቸውን እትዬ ማኅደረማርያምን ጠርታ አልታየች ዘንድ አስቀመጠቻት። ማኅደረማርያም ጓሮዋ አረቄ እያወጣች የምትሸጥ ባልቴት ናት፤ አፏም እጇም ለሰው ክፍት ነው። በዚያን ሰሞን ዓይኗ የደፈረሰ፣ እንቅልፍ ያጣች ትመስል ነበር፤ ሙሉዬ ግን በአንድ ቤት አንድ በሽተኛ ይበቃል ብላ አልፋዋለች።

"እትዬ ማኅደር፣ አረቄ እንዳትሰጫት። ነርሷ ከልክላለች።"

"እኔ? በፍልሰታ?"

"በፍልሰታስ ለጠጪው ሁሉ እየሸጥሽ አይደል?"

"እሱ የደንበኛ ነው" አለች ማኅደረማርያም ቅር ብሏት። "ሂጂ ባክሽ፣ እናቷን የመሰልኩ ሰው ነኝ።"

ሙሉዬ ፓኬቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ደግሞ አወጣችው። መምሬ በስልክ ቢፈቷት ወዲያው መዋጥ ይኖርባታል፤ ክኒኑ አንኮበር ምን ያደርጋል? ከራስጌዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ብልጠት መስሏት ነበር።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተኩል ቆመ። ረዳቱ "ሞልቷል፣ ሞልቷል" እያለ ባዶ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ጋበዛት። ሞላ ሲባል ሾፌሩ ምሳ ሄደ። ከከተማው ወጥተው ዳገቱን እንደያዙ ጉሙ መንገዱን ዋጠው፤ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እንደ ዕውር እየዳሰሰ ነዳ። አጠገቧ የተቀመጡ ሰውዬ ስለ ገብስ ዋጋ ሊያጫውቷት ሞከሩ። "አባቴ፣ ዛሬ ስለ ገብስ አልችልም" አለቻቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ ከአንኮበሯ ከጎረቤላ ከተማ ወረድ ብሎ ጫካ የተጠጋ ነው። መኪና አይደርስበትም፤ በጭቃ አርባ ደቂቃ ወረደች፣ ሁለት ጊዜ በቂጧ ተንሸራተተች። በሩ ላይ አባ ወልደአረጋይ የሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ ቢጫ ቆብ አድርገው ተቀምጠዋል።

"መምሬ ዘርአ ዳዊትን ፈልጌ ነው አባ።"

"ሱባኤ ላይ ናቸው።"

"አውቃለሁ። ለአንድ ደቂቃ ብቻ።"

"ሱባኤ ደቂቃ የለውም።"

"እህቴ ልትሞት ነው።"

"ስመ ክርስትናዋን ንገሪኝ፣ በጸሎት እናስባታለን።"

"ወለተ ጊዮርጊስ። ተመዘገበ? አሁን መምሬን ይጥሩልኝ።"

"ከአሥራ ስድስት በኋላ..."

"አባ!" አለች ሙሉዬ፤ ድምጿ ከጽዱ ላይ ያሉትን ወፎች አስነሳ። "እስከ አሥራ ስድስት ከጠበቅሁ የሚፈታ ሰው አይኖርም! ካልጠሩልኝ እኔ እዚህ ቆሜ ስማቸውን እየጠራሁ እውላለሁ፤ ያን ጊዜ የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የሁሉም ሱባኤ ይፈርሳል!"

መነኩሴው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። "ጩኸት የታደልሽ ነሽ" አሉ፤ ስድብ አይመስልም ነበር።

መምሬ ዘርአ ዳዊት ከአንዲት ጎጆ ወጡ። በአራት ቀን ጾም ከስተዋል። ሙሉዬ መስቀል ተሳለመችና ሳትተነፍስ ነገረቻቸው። ፊታቸው እየተለዋወጠ ሰሟት።

"የሐኪም መድኃኒት ነው እንዴ?" አሉ በመጨረሻ።

"ታዲያ ምን መስሎዎት ነው የገዘቷት?"

"ሱስ ነው አለችኝ። የክኒን ሱስ። ጎረምሶቹ እንደሚቅሙት ያለ ነገር መሰለኝ።"

"አስተማሪ፣ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ ከጎረምሳ ጋር? ምን ዓይነት ክኒን ነው ብለው አይጠይቁም መምሬ?"

"አንቺስ ስትመጣ ለምን አብረሻት አልመጣሽም?"

መምሬ እጃቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ ከተው አንዲት የክኒን ማሸጊያ አወጡና አሳዩዋት። "የደም ግፊት ነው። በሱባኤም እውጣለሁ። ሐኪም ያዘዘውን እኔ እገዝታለሁ? ምን ዓይነት ነገር ውስጥ ከተተችኝ!"

"እንሂድ" አለች ሙሉዬ።

ኔትወርክ ያለው እላይ ጎረቤላ ነው። መምሬ በትራቸውን ተደግፈው ያንን ዳገት ወጡ፤ በየመታጠፊያው ቆመው ይተነፍሳሉ፣ እሷ ከፊት ቆማ ትጠብቃቸዋለች፣ ሳይደርሱባት ደግሞ ትሄዳለች። መንገዱ ዳር ስልኩ ምልክት ሲያሳይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ደወለች። ያነሳችው አልታየች ራሷ ናት። ድምጿ ወፍሮ፣ ቀስ ብሎ ነበር። ደክሟት ነው አለች ሙሉዬ በልቧ።

መምሬ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ወለተ ጊዮርጊስ፣ ልጄ። ሳላውቅ ነው የገዘትኩሽ። ከዚያ ከክኒኑ ግዝት እግዚአብሔር ይፍታሽ። መድኃኒትሽን ውሰጂ። ሐኪሞቹ እንደሚሉሽ አድርጊ።"

በዚያ በኩል ለቅሶ ተሰማ። "እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ሙሉዬ ስልኩን ነጠቀች። "ሰማሽ አይደል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ዋጪ እንግዲህ! አሁኑኑ!"

"እሺ አልኩ እኮ። አትጩሂብኝ።"

"አልጮህኩም! ቀኑን ሙሉ በአንቺ ነገር..." መስመሩ ተቋረጠ።

ሙሉዬ መልሳ ደወለች። አይሠራም። ሁለተኛ ደወለች። አንዲት ሴት በተቀዳ ድምፅ ደንበኛዋን ማግኘት እንደማይቻል በትሕትና ነገረቻት። አንድ የቀረ ነገር እንዳለ ታውቋታል፤ ምን እንደሆነ ግን ድካሙና ንዴቱ ጋረደባት። ዋናው ተሠርቷል ብላ ስልኩን ጡቷ ውስጥ ሸጎጠችው። መምሬ ወደ ሱባኤያቸው ተመለሱ፤ እሷ ጎረቤላ ላይ ደግሞ የሚሞላ ሚኒባስ ጠበቀች።

ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን ስትደርስ ማኅደረማርያም በሩ ላይ ቆማ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ሽ! እንዳትቀሰቅሻት። ተኝታልሻለች! አምስት ቀን ያልተኛችውን እያንኮራፋች ነው።"

ሙሉዬ በደስታ ደጃፉ ላይ ቁጭ ልትል ነበር። ከዚያ ማንኮራፋቱን ሰማችው። ረጅም፣ የተሰበረ፣ ውሃ ውስጥ እንደሚጎተት ነገር ነው። ሲቆም ደግሞ ብዙ ይቆያል።

ገባች። አልታየች በጀርባዋ ተኝታለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ጠረጴዛው ላይ ያለው፣ ጠዋት አንድ ብቻ የጎደለው ፓኬት ላይ አምስት ጉድጓድ ባዶ ነው። ከአልጋው ሥር መለኪያ አለ። ክፍሉ የማኅደረማርያምን ጓሮ ይሸታል።

"ምን ሰጠሻት?"

"ኧረ ምንም! እጇ እየተንቀጠቀጠ ስትለምነኝ... ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ... እኔ የተገዘትኩት ከክኒን ነው፣ ከአረቄ አይደለም አለችኝ። ሦስት መለኪያ። አራት።"

"ክኒኑስ?"

"መምሬ ፈቱኝ ብላ እያለቀሰች፣ አምስት ቀን ባክኖብኛል፣ ላካክሰው አለችና..."

አልታየች ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ናት። በሕመም የተበላ ጾም በኋላ ትጾመዋለች፤ ያመለጠ ትምህርት ቅዳሜ ገብታ ታስተምረዋለች። የተረፈ ዕዳ ይዛ አታድርም። ይህን ሙሉዬ ከማንም በላይ ታውቃለች። "አንድ ብቻ" የሚለው ቃል አፏ ላይ እያለ በስልክ ስትጮህ የዋለችውም እሷው ናት።

ባጃጅ መጣ። ሙሉዬ የእህቷን ራስ ደረቷ ላይ አስደግፋ "እታለም፣ ተንፍሺ፣ እታለም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተንፍሺ" እያለች ሄደች። አልታየች ሁለት ጊዜ ተነፈሰች። ሆስፒታሉ በር ሳይደርሱ ሦስተኛው አልመጣም። ሐኪሞቹ ተሯሩጠው ተቀበሏት፣ ብዙም ደከሙ። ግን አልመለሷትም።

መምሬ ዘርአ ዳዊት ሱባኤያቸውን አቋርጠው ለቀብሩ መጡ። ከቀብሩ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ሌላው ሰው ግን ብዙ ይላል። ግዝቱ መፈታት አልነበረበትም የሚል አለ፤ አምስት ቀን ችላ ስታበቃ ባይነኳት ትድን ነበር። መገዘቱ ነው የገደላት የሚል አለ። ከመጀመሪያው የፈረንጅ መድኃኒት ባትነካ የሚል አለ። ከጣርማ በር የመጡ የአጎት ልጅ ደግሞ ለእንቅልፍ የሚሆን ሥር እንደነበራቸው፣ በጊዜ ቢነገራቸው ኖሮ ይዘው ይመጡ እንደነበር ለሁለተኛ ጊዜ ተናገሩ።

"እንደሱ አይደለም" አለች ሙሉዬ መጀመሪያ። ቀስ ብላ አስረዳች። ሰዉ ራሱን ነቀነቀና ወደየአሳቡ ተመለሰ። "እንደሱ አይደለም እኮ!" አለች ሁለተኛ። ሐዘን ነው ብለው አዘኑላት፣ ውሃ አቀበሏት። ሦስተኛ አልሞከረችም።

አልታየች በሞተች በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማኅደረማርያም ለእንግዳ እጅ ልታስታጥብ ማስታጠቢያ ይዛ መጣች። ውሃው ከእንግዳው እጅ አልፎ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። ሙሉዬ ቀና ብላ አየቻት። የማስታጠቢያው አፍ ይንቀጠቀጣል። የማኅደረማርያም ግንባር ላይ ላብ አለ፤ ውጭ ዝናብ ይጥላል።

"እትዬ ማኅደር፣ ምን ሆነሻል?"

"ሐዘኑ ነው።"

"ምን ሆነሻል ነው የምልሽ።"

ማኅደረማርያም አጎንብሳ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። "እኔም እውጥ ነበር። ያንኑ። አልታየች ናት የምታካፍለኝ፣ አራት ዓመት ይሆነኛል። እሷ ስትገዘት የእኔም ቀነሰ፣ የተረፈኝን እየቆጠብኩ... ትናንት ከቀብር ስመለስ ሁሉንም ሽንት ቤት ጣልኩት። ዳግመኛ በዓይኔ አላየውም፣ ለነፍሷ ስል።"

ሙሉዬ ድንኳኑን፣ ሰዉን፣ ጥግ የተቀመጡትን መምሬን አየች። ከዚያ ማስታጠቢያውን ከእጇ ነጥቃ መሬት አስቀመጠችና የማኅደረማርያምን ነጠላ ጫፍ ያዘች።

"ነይ።"

"የት?"

"ነይ ብያለሁ።"

"ኧረ ለቅሶ ላይ ነሽ! ሐዘንተኛ ከድንኳን አይወጣም! ሰው ምን ይላል?"

"ሲል ሦስት ቀኑ ነው፣ ይጨምርበት።"

በዝናቡ ጎትታ ወሰደቻት። ሲስተር ሳሌም ሙሉዬን በጥቁር ልብስ፣ ማቅ እንደታጠቀች፣ ውሃ እያንጠባጠበች ስታያት ከወንበሯ ተነሳች፤ ነገሩን ሳትሰማ አልቀረችም። ልታጽናናት አፏን ስትከፍት ሙሉዬ እጇን አነሳች።

"እኔን ተዪኝ። እሷን ጠይቂያት።"

ሲስተር ሳሌም ማኅደረማርያምን አስቀምጣ ክንዷ ላይ የግፊት መለኪያ ጠመጠመች። "በቀን ስንት ነበር የሚወስዱት እናቴ?"

"አንድ።"

"እትዬ ማኅደር" አለች ሙሉዬ።

"አንዳንዴ ሁለት።"

"አረቄስ ይጠጣሉ?"

ማኅደረማርያም ወለሉን አየች። "ሲወጣ ለመቅመስ ያህል።"

"ስንት መለኪያ?"

"ቀማሽ መለኪያ ይቆጥራል እንዴ ልጄ?"

"ይቆጥራል" አለች ሙሉዬ። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠችና የራሰውን ነጠላዋን ጨምቃ ጭኗ ላይ አነጠፈችው። "ዛሬ ይቆጥራል። ለቀስተኛው ይጠብቅ፤ አስታውሰሽ እስክትጨርሺ እኔ ከዚህ አልነሳም።"